ሦስተኛው ገጽ

ከጋምቤላ ተነስቶ ጎሬ የወጣ ሰው ሰውነቱ ሳይጠየቅ የሚመሰክረው ነገር አለ። ባሮ ዳር ሸሚዙ ጀርባው ላይ የተጣበቀበት መንገደኛ፣ መኪናው በቡሬ በኩል ዳገቱን ሲያያዘው መጀመሪያ መስኮቱን ይዘጋል፤ ትንሽ ቆይቶ ጋቢውን ይፈልጋል፤ ጎሬ ሲገባ ቡና የት እንደሚፈላ ይጠይቃል። በሁለቱ ከተሞች መካከል የ1500 ሜትር ያህል የከፍታ ልዩነት አለ። የድሮዎቹ ነጋዴዎች የኢሉባቦርን ቡና ጭነው ይህንኑ ቁልቁለት ይወርዱት ነበር፤ ታች ባሮ ላይ ከሱዳን በኩል የሚመጣው የእንፋሎት ጀልባ ይጠብቃቸዋል። ለእነሱ ደጋና ቆላ የመማሪያ መጽሐፍ ቃል አልነበረም። ላብና ብርድ ነበር።

እንግዲህ እንጠይቅ። ጎሬ ከጋምቤላ ይልቅ ወደ ፀሐይ ትቀርባለች። ስለምን ትቀዘቅዛለች? እኔ ልጅ ሆኜ ይህን ጠይቄ ያገኘሁት መልስ «ደጋ ስለሆነች ነዋ!» የሚል ነበር። ስምን ምክንያት አድርጎ መስጠት ልጅን ዝም ለማሰኘት ይበቃል፤ ሐተታ ግን የሚጀምረው ልጁ ዝም አልል ሲል ነው።

ዝም አልል ካሉት አንዷ ዩኒስ ኒውተን ፉት ናት። የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1819 በአሜሪካ ኮኔቲከት ግዛት ነው (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ቀጥሎ ያሉት ዓመታትም እ.ኤ.አ. ናቸው)። የአባቷ ስም አይዛክ ኒውተን ነበር፤ የዚያ የዝነኛው ሊቅ ሞክሼ መሆኑ ነው። ትሮይ በምትባል ከተማ፣ ለሴት ልጅ ሳይንስን በቁም ነገር ከሚያስተምሩት ጥቂት ትምህርት ቤቶች በአንዱ ተማረች። ኤሊሻ ፉት የሚባል የሕግ ባለሙያ አገባች። በ1848 ሴኔካ ፎልስ ላይ የሴቶች መብት ጉባኤ ሲደረግ 68 ሴቶችና 32 ወንዶች በፈረሙት መግለጫ ላይ የእሷም የባሏም ስም አለ። የቤት እመቤት ነበረች፣ የልጆች እናት ነበረች፣ የሥራ ቦታዋም ቤቷ ነበር። የዩኒቨርሲቲ ወንበር አልነበራትም።

ጥያቄዋ የጎሬና የጋምቤላ ጥያቄ ነው፤ የፀሐይ ጨረር ሙቀት በምን በምን ሁኔታ ይለያያል? ሁለት የመስታወት ሲሊንደሮች አዘጋጀች፤ እያንዳንዱ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት፣ 76 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው። በእያንዳንዱ ውስጥ ቴርሞሜትር አስገባች። ከአንደኛው በፓምፕ አየር እያስወጣች አሳሳችው፣ ሌላኛውን አየር ጨምራ አጨቀችው። ሁለቱም እኩል ሙቀት እስኪይዙ ጠብቃ ጎን ለጎን ፀሐይ ላይ አኖረቻቸው። የታጨቀው አየር ከሳሳው ይልቅ ሞቀ። ተራራ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ስለዚህ ይቀዘቅዛል ብላ አሰበች። የዛሬው ፊዚክስ ዋናውን ምክንያት ሌላ ቦታ ያደርገዋል፤ ወደ ላይ የሚወጣ አየር ግፊቱ እየላላ ስለሚሰፋ ይቀዘቅዛል ይላል። ቢሆንም ጥያቄውን ከስም አውጥታ ጠርሙስ ውስጥ አስገባችው።

ቀጠለች። እርጥብ አየር ከደረቅ አየር ይበልጥ ሞቀ። ከዚያ ጋዞችን እያፈራረቀች ሞከረች፤ ሃይድሮጅን 40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ፣ ተራው አየር 41፣ ኦክሲጅን 42 አካባቢ ደረሱ (እሷ የጻፈችው በፋራናይት ነው)። ያን ጊዜ ካርቦኒክ አሲድ ጋዝ ይባል የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን 52 ያህል ገባ። ከፀሐይ ሲያወጡትም በቶሎ አልቀዘቀዘም፤ ከሌሎቹ ብዙ እጥፍ ቆየ። እዚህ ላይ ነው ከጠርሙሱ ወጥታ ወደ ምድር የተሻገረችው፤ የምድር ከባቢ አየር በአንድ ዘመን ይህ ጋዝ በዝቶበት ከነበረ ምድሪቱ ከዛሬው የሞቀች መሆን አለባት ብላ ደመደመች። የአየር ንብረት ለውጥ የምንለው ነገር ሁሉ በዚህ አረፍተ ነገር ውስጥ እንደ ዘር ተኝቷል።

ጽሑፉ የተነበበው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 23 ቀን 1856 አልባኒ ከተማ በተደረገው የአሜሪካ የሳይንስ ማኅበር ጉባኤ ላይ ነው። በእኛ ነሐሴ 18 ቀን 1848 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ ዓፄ ቴዎድሮስ ዘውድ ከጫኑ ገና ዓመት ከመንፈቅ ነበር። አንባቢዋ ግን እሷ አልነበረችም። የስሚዝሶኒያን ተቋም ኃላፊ ጆሴፍ ሄንሪ አነበበላት። ከማንበቡ በፊት ሳይንስ ሀገርም ፆታም እንደሌለው የሚያስረዳ መልካም ንግግር አደረገ። ይህን ብሎ ሲያበቃ የሴቲቱን ጽሑፍ በወንድ ድምፅ አሰማ። ማኅበሩ ባሳተመው የጉባኤ ጥራዝ ውስጥ ወረቀቷ አልገባም። በዚያው በ1856 ኅዳር በአንድ የሳይንስ መጽሔት ላይ ወጣ፤ ሁለት ገጽ ነው። እዚያው እትም ላይ የባሏ ጽሑፍ ከእሷ ቀድሞ ተቀምጧል።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1859፣ ለንደን ላይ ጆን ቲንደል የተባለ የፊዚክስ ሊቅ የጋዞችን ሙቀት የመያዝ ጠባይ በረቀቀ መሣሪያ ለካ፤ በንግሥት ቪክቶሪያ ባል ፊት ንግግር አደረገበት። የሳይንስ ታሪክ መቶ ሃምሳ ዓመት ሙሉ መጀመሪያውን ከእሱ ሲቆጥር ኖረ። የዩኒስን ነገር ከአቧራ ያወጣው በ2011 ሬይመንድ ሶረንሰን የተባለ ጡረታ የወጣ የነዳጅ ጂኦሎጂ ባለሙያ ነው። የ1857 የሳይንስ ዓመታዊ ጥራዝ ሲያገላብጥ ስሟን አገኘ። ነዳጅ ፈላጊ መሆኑን ልብ ይሏል፤ የከርሰ ምድር ነገር ማውጣት የለመደ እጅ ነው። ዛሬ በዩኒስ ፉት ስም በየቦታው የሚዞረው ፎቶግራፍ እንኳ የእሷ አይደለም፣ የልጇ የሜሪ ነው።

እስከዚህ ያለው ታሪክ ነው፣ ለከንፈር መምጠጫም ይበቃል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ከዚህ ወዲያ ያለው ነው። በትክክል የጠፋው ምንድን ነው?

ፈጣኑ መልስ «እውነቱ ጠፋ» የሚል ነው። አልጠፋም። ቲንደል አገኘው፤ የስዊድኑ አሬኒየስ በ1896 ቁጥር አበጀለት፤ ኪሊንግ በ1958 ሃዋይ ተራራ ላይ የአየሩን ካርቦን ዳይኦክሳይድ መለካት ሲጀምር ከሚሊዮን 315 ያህል ነበር፣ አሁን ከ420 አልፏል። ጋዙ ማን እንዳገኘው ሳይጠይቅ ያሞቃል። እንዲያውም በሐቅ እንነጋገር ከተባለ የቲንደል ሥራ ከእሷ ይልቃል። ፀሐይ የምትልክልን በአብዛኛው የሚታይ ብርሃንና ለእሱ የቀረበ ጨረር ነው፤ የሞቀች ምድር ወደ ሰማይ የምትመልሰው ግን ዓይን የማያየው ሌላ ሙቀት ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሙቀት አማቂ የተባለው የመጀመሪያውን አሳልፎ ሁለተኛውን ስለሚይዝ ነው። የዩኒስ ሲሊንደሮች ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ሁለቱን ሊለዩ አይችሉም፤ መስታወቱ ራሱም የማይታየውን ሙቀት ያግዳል። ቲንደል ለየ። ስለዚህ «ቲንደል ሰረቃት» እያሉ የሚጽፉትን አልከተላቸውም፤ ለፍርድ የሚበቃ ማስረጃ አላየሁበትም።

ሁለተኛው መልስ «ስሟ ጠፋ» የሚል ነው። ይህ እውነት ነው፤ ግን ስም ለእውቀት ምኑ ነው? እዚህ ላይ የአክሱሙ ዘርዓ ያዕቆብ ጻፈው የሚባለው የእኛው የፍልስፍና መጽሐፍ፣ ሐተታ ዘዘርዓ ያዕቆብ፣ ይመጣብኛል። በ1850ዎቹ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ጣሊያናዊ ሚሲዮናዊ ለፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ ከላከለት ወዲህ፣ በተለይም ምሁሩ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 ጥርጣሬውን ካሳተመ በኋላ፣ ጽሑፉ የአክሱሙ ሰው ነው ወይስ የጣሊያናዊው በሚል ክርክሩ እስካሁን አልቆመም፤ የፍልስፍና ምሁሩ ክላውድ ሰምነር ለዓመታት የአክሱሙ ሰው ነው ሲል ተከራክሯል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያኑሯቸው። አንደኛው አንባቢው የበዛ፣ ባለቤቱ የሚያከራክር። ሌላኛው ባለቤቱ የማያከራክር፣ አንባቢ ያልነበረው። በአንድ አሥር ዓመት ውስጥ ከአንድ ብዕር ወደ ሌላ እጅ የተላለፉ ሁለት ጽሑፎች፣ ዕጣቸው እንደ ጓንት የተገለበጠ።

ያ መጽሐፍ ባልና ሚስት በትዳር እኩል ናቸው ይላል። ይህን ያለው ደብተራም ይሁን መነኩሴ፣ ሐሳቡ በገዛ እግሩ ይቆማል ወይም ይወድቃል። እንዲህ ከሆነ ስም ለሐሳብ እውነትነት አያስፈልግም። ታዲያ ስለ ዩኒስ ለምን እንቆጫለን? ለሞተ ሰው እውቅና ምን ይሠራለታል? በ1888 አርፋለች፤ በ2022 የአሜሪካ የምድር ሳይንስ ኅብረት በስሟ ሜዳልያ ሲሰይም አልሰማችም። ስም ብቻውን መቆየቱ ደግሞ ብዙም አያስቀናም። የኢሉባቦር መጠሪያ የሆነው ኢሉ አባ ቦራ የሚለው ስም ራሱ ከአንድ የጥንት መሪ የፈረስ ስም የመጣ ነው ይላሉ። እንግዲያ ፈረሱ ሳይጠይቅ ዞን ተሰይሞለታል።

ቋንቋችን እዚህ ላይ ፍንጭ ይሰጣል። ማወቅ፣ መታወቅ፣ ማሳወቅ፣ እውቀት፣ እውቅና፣ ሁሉም ከአንድ ሥር ናቸው። ብዙ ሰው እውቅናን እንደ ደሞዝ ያየዋል፤ ሥራው አልቆ፣ ወሩ ሞልቶ የሚከፈል። ደሞዝ ከሆነ ዩኒስ የቀረባት ገንዘብና ጭብጨባ ነው፣ ያ ደግሞ ከእሷ ጋር አብሮ ተቀብሯል። እኔ ግን እውቅና ስንቅ ነው እላለሁ። ከመንገዱ በፊት ይሰጣል፤ ያልተሰነቀለት ሰው የትም አይደርስም፣ ቢደርስም ከመጀመሪያው ወንዝ አያልፍም።

ወረቀቷ ሁለት ገጽ ነው ብያለሁ። የጠፋው ሦስተኛው ገጽ ነው።

በጉባኤ ቤት ያለፈ ሰው ይህን ያውቀዋል። መምህሩ አንድ ትርጓሜ ይሰጣል፤ ጉባኤው እዚያ ላይ አይዘጋም፣ «አንድም» ተብሎ ይቀጥላል። ያ «አንድም» የሚመጣው የሚሰማ፣ የሚጠይቅ፣ የማይስማማ ሰው ሲኖር ነው። አልባኒ ላይ አንድ ሰው ተነስቶ «እመቤት ፉት፣ ሌሊትስ?» ቢላት ኖሮ ብዬ አስባለሁ። ጠርሙሱ ፀሐይ ላይ ሞቀ፣ መልካም፤ ፀሐይ በሌለችበት ሰዓትስ ጋዙ ምን ያደርጋል? መልሱ ደጃፏ ላይ ነበር። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለበት ሲሊንደር ጥላ ውስጥ ገብቶም አልቀዘቅዝም እንዳለ ራሷ ጽፋለች። አንድ ጠያቂ ቢገፋት ሲሊንደሩን ከፀሐይ አርቃ ከጋለ ብረት ፊት ታኖረው ይሆናል፤ የፀሐይን ብርሃን ትቶ በሌላ የሙቀት ምንጭ መሞከር ደግሞ ቲንደል የሄደበት መንገድ ነው። ጥያቄው ግን አልመጣም። በዘመኑ አንድ ታዋቂ መጽሔት አወድሷታል፤ ውዳሴ ግን ጥያቄ አይደለም። ሴት ሳይንስ ሠራች ተብሎ ሲጨበጨብ ሥራውን የሚመረምር አይኖርም፤ እንዲህ ያለው ጭብጨባ አንዳንዴ ከዝምታ የባሰ ነው።

በቀጣዩ ዓመት ስለ አየርና ኤሌክትሪክ አንድ ጽሑፍ አወጣች። ከዚያ በኋላ ስሟን የምናገኘው በፈጠራ መዝገብ ላይ ነው፤ በ1860 ጫማ ሲራመዱበት እንዳይንጫጫ ከሶሉ ውስጥ የሚገባ የጎማ ሙሌት፣ በ1864 የወረቀት መሥሪያ ማሽን። እነዚህን አልንቃቸውም። ለጫማው ደንበኛ ነበረዋ! «ይንጫጫል» ብሎ የሚያማርር ሰው አለ፣ መልስ ትሰጠዋለች። ስለ ምድር ሙቀት ግን ማንም አላማረረላትም።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ባለፈው ክረምት በኢሉባቦሯ መቱ ሳለሁ ሙከራዋን ልደግመው ብዬ ሁለት ሃይላንድ ጠርሙስና ከመድኃኒት ቤት ሁለት ቴርሞሜትር ገዛሁ። አንደኛው ጠርሙስ ውስጥ እርጥብ ጥጥ ጨመርኩ። የቀረኝ ፀሐይ ብቻ ነበረች። ኢሉባቦርን የሚያውቅ እዚህ ላይ ይስቃል፤ በዓመት ወደ 2000 ሚሊ ሜትር በሚዘንብበት ሀገር በነሐሴ ፀሐይ መጠበቅ ሶር ፏፏቴ እስኪደርቅ እንደ መጠበቅ ነው። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ሲያወርደው፣ አከራዬ በር ላይ ቆመው «ልጄ፣ ጠርሙሱን ምን አደረገህ?» እያሉ ሲታዘቡኝ ሳምንት አለፈ። ኅዳር ላይ ተመልሼ ሞከርኩት። ሁለቱ ቴርሞሜትሮች አንድ ጥላ ሥር ተቀምጠው እንኳ አልተስማሙም። ጠርሙሱን ማሞቅ ቀላል ነው፤ ሁለቱን ጠርሙሶች ከአንድ ነገር በቀር በሁሉም እኩል ማድረግ ግን መከራ ነው። ያን ቀን ለዩኒስ ያለኝ አክብሮት ከጽሑፏ ወደ እጇ ወረደ። ሰው ሁሉ እርጥብ ሌሊት እንደማይበርድ፣ ሰማዩ የጠራ ለት ውርጭ እንደሚወርድ ያውቃል፤ ገበሬ ይህን የሚነግረው አላስፈለገውም። እሷ የጨመረችው ሁለተኛውን ጠርሙስ ነው፤ ማነጻጸሪያውን።

ሁለተኛ ጠርሙስ የሳይንቲስት ብቻ ነው ብዬ ነበር የማስበው፤ ያዩ እስክሄድ ድረስ።

ያዩ ከመቱ ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። ቡና ከጫካው ጥላ ሥር ራሱ በቅሎ የሚገኝባት፣ ዩኔስኮ በ2010 በባዮስፌር መዝገቡ ያስገባት፣ ደኑን ጨምሮ ስፋቱ ወደ 167,000 ሄክታር የሚደርስ ጥብቅ ክልል ያለባት ናት። ከዚያው አካባቢ መሬት ሥር ደግሞ የድንጋይ ከሰል አለ፤ በከሰሉ ማዳበሪያ ይሠራል ተብሎ የተጀመረው ፋብሪካ ዓመታት ቆጥሮ ሳያልቅ ቀረ። ከላይ ካርቦን የሚስብ ደን፣ ከታች ካርቦን የታሰረበት ከሰል፣ መካከል ላይ ሰው። ዩኒስ ስለ ጥንታዊው ምድር የጻፈችው ያ አረፍተ ነገር እንዲህ ጥርት ብሎ የሚታይበት ሌላ ቦታ አላውቅም።

ጠዋት ነው፤ ኅዳር፤ ሰማዩ ጠርቶ አድሯል። አንዲት እናት ጀንፈል የሚያደርቁበትን አልጋ ሸራ እየገለጡ ነው። ሁለት አልጋ አላቸው፤ አንዱ ሜዳ ላይ፣ ሌላው ግማሽ ጎኑ ዛፍ ሥር። በተሰባበረ ኦሮምኛዬ፣ ዛፉ ቡናው ላይ ብርድ ያበዛል ወይስ ይቀንሳል ብዬ ጠየቅኳቸው። ሌሊት ሌሊት ይሞቃል አሉኝ። «እንዴት አወቁ?» አልኳቸው። አልመለሱልኝም። አንድ መዳፋቸውን የሜዳው አልጋ ሸራ ላይ፣ ሌላውን የዛፉ ሥር ሸራ ላይ አሳረፉና ዘርግተው አሳዩኝ። አንደኛው በጤዛ ረጥቧል፤ ሌላኛው ደረቅ ነው።

የሜዳው ሸራ ሙቀቱን ለጠራው ሰማይ ሲገብር አድሮ ቀዝቅዟል፣ ስለዚህ ጤዛ ያዘ። የዛፉ ቅጠል ግን ያንኑ የማይታይ ሙቀት ተቀብሎ መልሷል። ቲንደል ለየው ያልኩት፣ የዩኒስ ሲሊንደሮች ፀሐይ ላይ ሆነው መለየት ያቃታቸው ነገር ሁለት ሸራ ላይ ተዘርግቶ አደረ። ሌሊትስ? ለሚለው ጥያቄ መልስ መሆኑ ነው። ይህን በጋለ ስሜት ላስረዳቸው ሞከርኩ፤ ስለ ጨረር፣ ስለ ጋዝ፣ ስለ አንዲት የአሜሪካ ሴት። ጀንፈሉን በእጃቸው እያገላበጡ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

ከዚያ ጠየቁኝ። ይህ ዋዴሳ ነው አሉ፣ ሰፊ ቅጠሉን እያሳዩኝ፤ እኛ ዋንዛ የምንለው ነው። ያኛው ሙካ አርባ ነው፤ ጥላው ከዚህ ይሰፋል፣ ቀን ቀን ሥሩ ቢቀመጡ ይቀዘቅዛል። ጤዛ ግን እሱ ሥር ይወርዳል፣ ዋዴሳው ሥር አይወርድም። ለምንድን ነው?

ዛፎቹን አየሁ። ከዚያ ማስታወሻ ደብተሬን ገልጬ፣ ጥያቄያቸውን ቃል በቃል እንዲደግሙልኝ ለመንኳቸው።